ከማጉላት ማጥራት ይቅደም



የራዲዮ ክበባችን በመጨረሻው ስብሰባው አንድ ክርክር አንሥቶ ሳይቋጨው ተበትኗል። ክርክሩ ከኤግዚቢሽን መግቢያ ተሰብስቦ በክበቡ ሣጥን ያለው ገንዘብ ምን ይገዛበት የሚል ነበር። ከአባሎቻችን የሚበዙት ኃይለኛ ማጉያና ሁለት ትልልቅ እስፒከሮች ተገዝተው፣ በወላጆች በዓል ዕለት ከሩቅ አገር የሚመጣው የአማተር ራዲዮ ድምፅ በአዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ ይፈልጋሉ። እኔና ጥቂት ጓደኞቼ ደግሞ ገንዘቡ ለመቀበያችን ጠባብ ማጣሪያ እንዲገዛበት ጠይቀናል። ውሳኔው የሚሰጠው ይህ መጽሔት ከወጣ በኋላ ስለ ሆነ፣ በስብሰባው ላይ በጥድፊያ የተናገርሁትን እዚህ ረጋ ብዬ ለማስረዳት ፈለግሁ።

አሳቤ በአጭሩ ይህ ነው። አንድ ድምፅ አልሰማ ሲለን ምክንያቱ ሁልጊዜ ማነሱ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ድምፅ ስለ ተቀላቀለበት ነው። የተቀላቀለ ነገር ደግሞ ቢያበዙት አይጠራም።

ባለፈው ዓመት የወላጆች በዓል ዕለት የሆነውን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። መቀበያችንን በአዳራሹ መግቢያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን፣ የአውሮፓ አማተሮች በሞርስ ፊደል ሲነጋገሩ ለእንግዶቻችን ልናሰማ ተዘጋጅተን ነበር። የወጣው ግን አራት አምስት ፉጨት በአንድነት የተደባለቀበት ጩኸት ሆነ። እኔም ቁልፉን ይዤ ድምፁን ጨመርሁ፤ ጩኸቱም አብሮ ጨመረ። አንድ አባት ጆሮአቸውን አዘንብለው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይህ የሰው መልእክት ነው ወይስ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ እየጣለ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ማጉያ ይገዛ የሚለው አሳብ የተወለደው ከዚያ ቀን ኀፍረት ነው፤ የእኔም አሳብ የተወለደው ከዚያው ቀን ነው።

ስለ አማተር ራዲዮ ላልሰሙ አንባቢዎች ጥቂት ልናገር። አማተሮች የሚባሉት ደመወዝ ሳይከፈላቸው፣ ለንግድም ሳይሆን፣ ለሙያው ካላቸው ፍቅር የተነሣ ከየመንግሥታቸው ፈቃድና መጠሪያ ተቀብለው በራዲዮ የሚነጋገሩ ሰዎች ናቸው። በአገራችንም የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር «ኢቲ 3 ኤኤ» በሚል መጠሪያ የሚታወቀውን ጣቢያ በአዲስ አበባ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ አቋቁሟል። የእኛ ክበብ ግን የመላክ ፈቃድ ስለሌለው የሚያዳምጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ያለን ሀብት ጆሮ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ለአማተሮች የተፈቀደው ቦታ ሰፊ አይደለም። ለምሳሌ 20 ሜትር የሚባለው ሞገድ ከ14,000 እስከ 14,350 ኪሎኸርዝ ነው፤ ጠቅላላው 350 ኪሎኸርዝ ብቻ ነው። በዚህች ጠባብ መሬት ላይ ከጃፓን እስከ ብራዚል ያለው አማተር ሁሉ ይሰፍርባታል። አንድ ሰው በአፉ ሲናገር 3 ኪሎኸርዝ ያህል ይይዛል። በተለመደው ፍጥነት የተላከ የሞርስ ፊደል ግን ከ100 እስከ 150 ኸርዝ ያህል ይበቃዋል። ይህ ልዩነት በኋላ ስለሚያስፈልገን አንባቢ በልቡ ያኑረው።

ወላጆቻችን ይህን ችግር ከእኛ በፊት ያውቁታል። የዶይቼ ቬለ የአማርኛ ክፍል በ1965 ሥራውን ከጀመረ ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ስንቱ አባትና እናት ማታ ማታ ትንሿን ራዲዮ ከጆሮው አስጠግቶ ከውጭ አገር የሚመጣውን ወሬ ተከታትሏል! ዜናው ሲነበብ ከጎን ሌላ ቋንቋ ሲገባ፣ ከሁለቱም በላይ አንድ ቀጭን ፉጨት ሲያፏጭ የሰማ ሰው የምናገረው ይገባዋል። በአጭር ሞገድ ጣቢያዎቹ የሚሰለፉት በ5 ኪሎኸርዝ ልዩነት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ጣቢያ ግን 9 ወይም 10 ኪሎኸርዝ ያህል ይይዛል። ስለዚህ የአንዱ ትከሻ ከሌላው ትከሻ ይጋፋል። በዚያን ጊዜ ራዲዮውን ከፍ ያደረገ ሰው ፉጨቱንም ከፍ ከማድረግ በቀር ያተረፈው ነገር አልነበረም።

መፍትሔው ማጣሪያ የሚባለው የመቀበያው ክፍል ነው። ማጣሪያ የራዲዮ ወንፊት ነው። እናቶቻችን ዱቄቱን ሲነፉ ወንፊቱ የላመውን አሳልፎ እብቁን እንደሚያስቀር፣ የራዲዮም ማጣሪያ የሚፈለገውን ሞገድ አሳልፎ ከግራና ከቀኝ ያለውን ያስቀራል። የማጣሪያው ስፋት 2,700 ኸርዝ ነው ሲባል፣ በዚያ ስፋት ውስጥ ያለው ሁሉ ያልፋል፣ ከዚያ ውጭ ያለው ይታገዳል ማለት ነው። የወንፊቱ ጥሩነት ግን በስፋቱ ብቻ አይለካም። ግድግዳው ምን ያህል ቀጥ ብሎ ይቆማል የሚለውም ይታያል። በአናቱ 2,400 ኸርዝ ስፋት ያላቸው ሁለት ማጣሪያዎች ቢኖሩ፣ የምልክቱ ኃይል ወደ አንድ ሚሊዮንኛ በሚወርድበት በሥሩ በኩል አንዱ 4,800 ሌላው 10,000 ኸርዝ ቢሰፋ፣ ስማቸው አንድ ቢሆንም ሁለተኛው ጎረቤትን በጓሮ በር የሚያስገባ ነው።

ለእህል ሁሉ አንድ ወንፊት እንደማይሆን፣ ለምልክትም ሁሉ አንድ ስፋት አይሆንም። ንግግርና ሙዚቃ ለሚያሰማ የስርጭት ጣቢያ ከ6 እስከ 10 ኪሎኸርዝ ያስፈልጋል። ለአማተሮች የአፍ ንግግር ከ2,400 እስከ 2,700 ኸርዝ ይበቃል፤ ሕዝቡ ሲጨናነቅ ወደ 1,800 ቢጠብ ድምፁ ይቀጥናል እንጂ ቃሉ አይጠፋም። ለሞርስ 500 ኸርዝ መልካም ነው፤ በብርቱ ግፊያ ጊዜ 250ም ይበቃል። በ2017 ጆ ቴይለርና ስቲቭ ፍራንክ የተባሉት አሜሪካውያን ያወጡት ኤፍቲ 8 የተባለው በኮምፒዩተር የመነጋገሪያ ዘዴ ደግሞ በ15 ሰከንድ አንድ አጭር መልእክት ሲልክ 50 ኸርዝ ብቻ ይይዛል። ይሁን እንጂ ለእርሱ መቀበያው 3,000 ኸርዝ ያህል ሰፍቶ መተው አለበት፤ ኮምፒዩተሩ በዚያ ስፋት ውስጥ ያሉትን ብዙ ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ እየለየ ስለሚያነብ ነው። እንግዲህ ጠባብ ሁሉ ጥሩ፣ ሰፊ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ልክ ያለው ለሥራው የሚስማማው ነው።

ማጥበብ የሚያስቀረው ጎረቤትን ብቻ አይደለም። ማንም ሳይልከው ከሰማይ፣ ከመብረቅ፣ ከመቀበያውም ከራሱ የሚመጣ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ አለ። ይህ ድምፅ በሞገዱ ላይ እንደ ጭጋግ እኩል የተዘረጋ ስለ ሆነ፣ ወደ መቀበያው የሚገባው መጠን በበሩ ስፋት ልክ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። የሞርስ ምልክት በ2,400 ኸርዝ ማጣሪያ ሲሰማ ቆይቶ በ500 ቢሰማ፣ የጭጋጉ ኃይል 2,400 ለ500 ሲካፈል 4.8 ጊዜ ይቀንሳል። ምልክቱ ግን በ500ው ውስጥ ስለሚያልፍ ምንም አይጎድልበትም። ስለዚህ 100 ዋት የሚልክ ሰው 480 ዋት የላከ ያህል ከጭጋጉ በላይ ይቆማል። ላኪው ምንም አልጨመረም፤ ተቀባዩ አላስፈላጊውን ትቷል። እውነት ነው፣ የሠለጠነ ጆሮም ራሱ ማጣሪያ ስለ ሆነ ለልምድ አዋቂው ትርፉ ከዚህ ያንሳል። ነገር ግን ጆሮ ይደክማል። ከእኛም መካከል ሁለት ሰዓት አዳምጦ ራሱን ሳያመው የተነሣ ማን አለ?

ባለፈው ኅዳር ያየሁትን ልንገራችሁ። በየዓመቱ በኅዳር ወር፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር የመጨረሻው ሙሉ ቅዳሜና እሑድ፣ አማተሮች 48 ሰዓት ሙሉ በሞርስ የሚወዳደሩበት ታላቅ የዓለም ውድድር ይደረጋል። የፊዚክስ መምህራችን ቅዳሜ ማታ ክፍሉን ከፍተው ከእኛ ጋር ተቀመጡ። መቀበያችን ሦስት የስፋት ቁልፎች አሉት። የመጀመሪያው 6 ኪሎኸርዝ፣ ሁለተኛው 2.7 ኪሎኸርዝ ነው። ሦስተኛውን ሲጫኑት መቀበያው ፀጥ ይላል። ብዙ ጊዜ ተበላሽቷል ብለን ስናዝንበት የኖርነው ቁልፍ ነው። መምህራችን ክዳኑን አስከፍተው ሲያሳዩን ግን የተበላሸ ነገር የለም፤ ለ500 ኸርዝ ማጣሪያ የተተወው ቦታ ባዶ ሆኖ ኖሯል። ሠሪዎቹ ማጣሪያውን ለብቻው ለሚገዛ ሰው ቦታውን አዘጋጅተው ተውት እንጂ አልሞሉትም።

በ7 ሜጋኸርዝ ላይ በ2.7 ኪሎኸርዝ ስናዳምጥ ስድስት ያህል ጣቢያዎች በአንድ ላይ ይንጫጩ ነበር። ከእነርሱ በታች አንድ በጣም የደከመ ምልክት አለ፤ መጠሪያውን ለመጻፍ አሥር ደቂቃ ታገልሁ፣ አንድ ፊደል ብቻ ያዝሁ። በዚህ ጊዜ አንዲት የ9ኛ ክፍል እኅታችን ከጥቂት ቁርጥራጭ ዕቃዎች ራሷ የሠራችውን ትንሽ ማጣሪያ በመቀበያውና በጆሮ ማዳመጫው መካከል ገጠመችው። ማጣሪያው በ700 ኸርዝ ዙሪያ ያለውን ድምፅ ብቻ የሚያሳልፍ ነው። ቁልፉን ቀስ ብዬ ባዞርሁት ጊዜ ሌሎቹ አንድ በአንድ ጠፉና ያ የደከመ ምልክት ብቻውን ቀረ። በ1 ደቂቃ ውስጥ መጠሪያውን ሙሉ ጻፍሁት። ድምፁ ከቀድሞው አልጎላም፤ እንዲያውም ያነሰ ይመስል ነበር። ነገር ግን ተሰማ።

ወዲያው ግን አንድ እንግዳ ነገር ሆነ። ምልክቱ በየጊዜው እንደ መስጠም ይል ጀመር። የሚያስተጓጉለው ሌላ ድምፅ አይሰማም፤ ምልክቱ ግን ይጠፋል፣ ይመለሳል። ምክንያቱን መምህራችን አስረዱን። መቀበያው ድምፁን በራሱ የሚያመጣጥን ክፍል አለው፤ ብርቱ ምልክት ሲገባ መቀበያውን ያደክመዋል፣ ደካማ ሲገባ ያበረታዋል። በ2.7ቱ ሰፊ በር አንድ ብርቱ ጎረቤት ይገባል። የእኅታችን ማጣሪያ ያለው ከመውጫው ላይ ስለ ሆነ እኛ ጎረቤቱን አንሰማውም፤ መቀበያው ግን ሰምቶት ራሱን ያደክማል፣ የእኛም ደካማ ምልክት አብሮ ይወድቃል። እንግዳው ዳሱን አጨናንቆ ምግቡን ከበላ በኋላ በመውጫው በር ላይ ዘበኛ ማቆም ምን ይረባል? ዘበኛው መቆም ያለበት በመግቢያው ነው። ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ባዶ የቀረው ቦታ እንዲሞላ የምጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ብርቱው ጎረቤት ደካማውን ሩቅ መሸፈኑ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ የታወቀ ታሪክ ላንሣ። በኤፕሪል 14 ቀን 1912 ሌሊት የታይታኒክ የራዲዮ ሠራተኛ ጃክ ፊሊፕስ በኒውፋውንድላንድ ካለው የኬፕ ሬስ ጣቢያ ጋር የመንገደኞችን መልእክት ይለዋወጥ ነበር። በአካባቢው የነበረችው ካሊፎርኒያን የተባለች መርከብ ሠራተኛ ሲሪል ኢቫንስ መርከባቸው በበረዶ ተከባ መቆሟን ሊነግረው ጠራው። መርከቧ ቅርብ ስለ ነበረች ድምፁ ከሩቁ ከኬፕ ሬስ ደካማ ድምፅ በላይ እንደ ነጎድጓድ ገባበት። የዚያን ዘመን የብልጭታ ማሰራጫ ሞገዱን በሰፊው የሚረጭ ነበር፤ መቀበያውም ቅርቡን ከሩቁ በሚገባ የሚለይበት ስለታም ማጣሪያ አልነበረውም። ፊሊፕስ ሥራ ላይ ነኝና ዝም በል ብሎ መለሰለት። ኢቫንስም ጥቂት ካዳመጠ በኋላ መሣሪያውን ዘግቶ ተኛ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ በመርከቧ ሰዓት ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ከአርባ፣ ታይታኒክ ከበረዶው ተራራ ጋር ተጋጨች፤ ወደ 1,500 የሚጠጋ ሰው አለቀ። ማጣሪያ ቢኖር ኖሮ መርከቧ ትድን ነበር አልልም፤ ብዙ ሌላ ጥፋት ተደራርቦባታል። ነገር ግን ሁለት ሰዎች እርስ በርሳቸው እየተሰማሙ ሳይደማመጡ የቀሩበት ሌሊት መሆኑን ማንም አይክድም።

ከዚያ ወዲህ ያለው የመቀበያ ታሪክ በብዛት የማጣራት ታሪክ ነው። በ1918 አሜሪካዊው ኤድዊን አርምስትሮንግ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፈረንሳይ አገር ሳለ፣ የሚመጣውን ማንኛውንም ሞገድ ወደ አንድ ቋሚ ፍሪኩዌንሲ የሚለውጥ መቀበያ አሰበ። ጥቅሙ፣ ማጣሪያውን ለዚያ ለአንዱ ፍሪኩዌንሲ ብቻ አሳምሮ መሥራት መቻሉ ነው። በ1932 ደግሞ ጄምስ ላም የተባለው ሰው የአሜሪካ አማተሮች በሚያሳትሙት ኪውኤስቲ በተባለው መጽሔት ላይ የኳርትዝ ክሪስታል ማጣሪያ የገባበትን መቀበያ ገለጸ። ከዚያ በፊት አንድ የሞርስ ጣቢያ ቁልፉ ሲዞር በሁለት ቦታ ይሰማ ነበር፤ በላም መቀበያ ግን በአንድ ቦታ ብቻ ተሰማ። ይህ ማለት ማንም ሰው ከሞገዱ ሳይባረር ግፊያው በግማሽ ተቀነሰ ማለት ነው። ላኪዎቹ ያው ናቸው፤ የተሻሻለው ማዳመጡ ነው። ዛሬ ይህን ሥራ በብዙ መቀበያዎች ላይ የሚሠራው ኮምፒዩተር ነው፤ ስፋቱም እንደ ፈለጉ ይጠባል፣ ይሰፋል። የሚፈለገውን ስፋት የሚወስነው ግን እስከ ዛሬ የሚያዳምጠው ሰው ነው።

ለእውነት ስል የራሴንም ጥፋት መናገር ይገባኛል። ከውድድሩ ሌሊት በኋላ ጠባቡን ማጣሪያ ወድጄው ከመቀበያው አልለየው አልሁ። በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ በ14 ሜጋኸርዝ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቶሎ ቶሎ ዞርሁና፣ «ዛሬ ሞገዱ ሞቷል፤ የሚሰማ የለም» ብዬ ለጓደኞቼ አስታወቅሁ። ያችው የ9ኛ ክፍል እኅታችን ምንም ሳትናገር ማጣሪያዋን ነቅላ ቁልፉን ቀስ እያለች ብታዞረው፣ ሞርሱም ንግግሩም ሞልቷል። እኔ ጠባቧን ቀዳዳ ይዤ በጥድፊያ ስሮጥ ሁሉን አልፌው ሄጄ ነበር። የአፍ ንግግሩማ በዚያች ቀዳዳ ጉርምርምታ እንጂ ቃል አልነበረም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ሳምንት ሙሉ እንደተሳቀብኝ የሰማሁት ከሁሉ በኋላ ነው። ያተረፍሁት ትምህርት ግን ይህ ነው፦ ስትፈልግ አስፋ፣ ስታገኝ አጥብብ፣ ስትጨርስ መልሰህ አስፋ።

ማጥበብ ሌላም ወሰን አለው። ከልክ በላይ የጠበበ የሞርስ ማጣሪያ እንደ ደወል እያስተጋባ ነጥቡን ከሰረዙ ያጣብቀዋል። ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ የሚጠራን ሰውም ሳንሰማው ያልፋል። የኢትዮጵያ መጠሪያ በሞገድ ላይ ሲሰማ ብዙ የውጭ አገር አማተሮች በአንድ ጊዜ ይጣራሉ፤ በዚያ ጊዜ ተቀባዩ ብዙ ቢያጠብ የሚጠሩትን ያጣል፣ ብዙ ቢያሰፋ ማንንም አይለይም። እንዲሁም ጎረቤታችን ማሰራጫውን ከልክ በላይ ገፍቶ ሞገዱን ቢረጭብን፣ የረጨው በእኛው በር ውስጥ ስለሚወድቅ የትኛውም ማጣሪያ አያወጣውም። በእርሱ በኩል ያለውን ግዴታ መፈጸም ያለበት ላኪው ነው። በክፍላችን ያለ መጥፎ አምፑል ወይም የስልክ ቻርጀር የሚያወጣው ጩኸትም አስቀድሞ ከምንጩ መጥፋት አለበት። ማጣሪያ ብዙ ነገር ያድናል እንጂ ሁሉን አያድንም።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ልመለስ። አንደኛው ክርክራቸው፣ በአዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ወላጅ እንዴት ይስማ የሚል ነው። ጥያቄው ትክክል ነው። ነገር ግን የሚኒ ሚድያ ክበባችን ጧት ጧት በሰልፍ ላይ የሚጠቀምበት ማጉያ አለው፤ ለአንድ ቀን ቢያውሰን የሚከለክለው ነገር ያለ አይመስለኝም። በግቢያችን ያለውን ነገር ሌላ መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። የጠራውን ምልክት ያን ዕለት ማጉያው ያጎላልናል፤ ያልጠራውን ግን ዐሥር ማጉያ ቢደረደር አያጠራልንም።

ሁለተኛው ክርክራቸው፣ ማጣሪያ በዓይን የሚታይ ዕቃ ስላልሆነ ገንዘቡ ምን እንደ ሠራ ለወላጆች አይታይም የሚል ነው። ይህን ስሰማ በእውነቱ አዝኛለሁ። ትምህርት ቤት የሚሰጠን ዋና ነገር በዓይን የሚታይ ነውን? ወላጆቻችን ከእኛ የሚፈልጉት ትልቅ እስፒከር ሳይሆን ነገሩን የሚያስረዳ ልጅ ይመስለኛል። በዚያ በዓል ላይ ያፈርሁት እስፒከራችን ትንሽ ስለ ሆነ አይደለም፤ ያ አባት ሲጠይቁኝ የምመልሰው ስለ ጠፋኝ ነው።

ሦስተኛው ክርክር፣ ጥፋቱ የጎረቤት ጣቢያ ስለ ሆነ እኛ ለምን እንከፍላለን የሚል ነው። እርግጥ አጥፊ ላኪ አለ። ነገር ግን በውድድሩ ሌሊት ከሰማናቸው ስድስት ጣቢያዎች አንዱም ሕግ አልጣሰም፤ እያንዳንዱ በገዛ ቦታው ላይ ነበር። አንድ ላይ የቀላቀላቸው የእኛ በር ስፋት ነው። የራሱን በር ሳይመለከት በጎረቤቱ ላይ የሚጮህ ሰው በጎረቤቱ ጥፋት ላይ የራሱን ይጨምራል።

ስለዚህ በሚመጣው ስብሰባ የማቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ፣ በሦስተኛው ቁልፍ ላይ ለቀረው ባዶ ቦታ የሚስማማው የ500 ኸርዝ ማጣሪያ ይገዛ። ሁለተኛ፣ ከገንዘቡ በሚተርፈው እኅታችን የሠራችውን የመሰለ ትንሽ ማጣሪያ እያንዳንዱ አዲስ አባል በገዛ እጁ እንዲሠራ ዕቃው ይቅረብ። ሦስተኛ፣ ለየሥራው የሚስማማው ስፋት በአንድ ካርቶን ላይ ተጽፎ ከመቀበያው በላይ ይሰቀል፤ ከካርቶኑም ግርጌ «ሲጨርሱ ያስፉ» የሚል ቃል ይጻፍ። ይህ የመጨረሻው ስለ ማን እንደ ተጻፈ ጓደኞቼ ያውቃሉ።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብለው አባቶቻችን ያስተማሩን ለሌላ ሙያ ነበር፤ ለራዲዮም ይሠራል። አሳቤን ያልወደደ አባል በስብሰባው ላይ ተነሥቶ ይሟገተኝ፤ እኔም ጆሮዬን ለእርሱ ብቻ አጥብቤ እሰማዋለሁ። በሚመጣው የወላጆች በዓል ዕለት ደግሞ ያ አባት እንደገና ወደ ጠረጴዛችን ቢመጡ፣ የጆሮ ማዳመጫውን አቀብያቸው፣ በመጀመሪያ ሰፊውን ቁልፍ፣ ቀጥሎ ጠባቡን እጫንላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ዝናቡ የቱ፣ ሰው የቱ እንደ ሆነ እርሳቸው ራሳቸው ይፍረዱ።